የኢነርጂን ምንዛሪ ያሰሉት ቢራ ጠማቂ፦ ጀምስ ፕሬስኮት ጁል

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ በምትገኘው ቡታጅራ ከተማ የቤተሰቦችን የኢነርጂ ፍጆታ አሰባስቦ ሪፖርት ለማዘጋጀት የሚነሳ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የገንዘብ ሳይሆን የመለኪያ ነው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው የሚመዘግበው በኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከሰል በጆንያ፣ ማገዶ በሸክም፣ ናፍጣ በሊትር ይገዛል። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት በጤና ተቋማት የሚሰጠው ከለውዝ የተዘጋጀ አልሚ ምግብ ደግሞ በአንድ እሽግ 500 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። በመለኪያ ስማቸው ብቻ ሲታዩ አንዱ ከሌላው ጋር ፈጽሞ የማይደመሩ ይመስላሉ።

ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ መዝገብ ሊሰፍሩ፣ አንዱም ወደ ሌላው ሊመነዘር ይችላል። የገንዘብ ምንዛሪ በየዕለቱ ከፍና ዝቅ ሲል ይህኛው ምንዛሪ ግን በቡታጅራም ሆነ በለንደን፣ ዛሬም ሆነ ከመቶ ዓመት በፊት አይለወጥም። ይህንን በሙከራ ለክተው ካረጋገጡት ሰዎች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የያዙት እንግሊዛዊው ጀምስ ፕሬስኮት ጁል ናቸው። ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ስማቸውን በመለኪያነት ያውቀዋል። ጁል የሚባል ሰው እንደነበረ፣ ያም ሰው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳይሆን የቢራ ጠማቂ ልጅና ራሱም ጠማቂ እንደነበረ የሚያውቀው ግን ብዙ አይደለም።

ጁል የተወለዱት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1818 በእንግሊዝ አገር ከማንችስተር ከተማ አጠገብ በምትገኘው ሳልፎርድ ነው። አባታቸው ቤንጃሚን ጁል የታወቀ የቢራ ፋብሪካ ባለቤትና ሀብታም ነጋዴ ነበሩ። ሕፃኑ ጀምስ የአከርካሪ ችግር ስለነበረባቸውና ጤናቸውም ደካማ ስለነበር መደበኛ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በቤት ውስጥ በተቀጠሩ መምህራን ነው። ዓይን አፋርነታቸውና በሕዝብ ፊት ለመናገር የነበራቸው ችግር እስከ ሽምግልናቸው አብሯቸው ዘልቋል። ይህ ጠባያቸው ኋላ ግኝታቸውን ለሊቃውንት ለማስረዳት በሞከሩ ጊዜ ብዙ ዋጋ አስከፍሏቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1834 አባታቸው ጀምስንና ታላቅ ወንድማቸውን ቤንጃሚንን ማንችስተር ውስጥ ይኖሩ ወደነበሩት ወደ ጆን ዳልተን ላኳቸው። ዳልተን ቁስ አካል ሁሉ ከአተሞች የተሠራ ነው የሚለውን ዘመናዊ ንድፈ ሐሳብ ያቀረቡ ዕውቅ ሳይንቲስት ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከእኚህ ሰው ሒሳብ መማር ጀመሩ። ዳልተን እ.ኤ.አ. በ1837 በስትሮክ ተመትተው ማስተማሩን ቢያቆሙም በወጣቱ ጁል ላይ የተከሉት አንድ ልማድ ጸንቶ ቀርቷል፤ ይኸውም በሚዛንና በመለኪያ ያልተፈተነን ሐሳብ አለማመን ነው።

ጁል ገና በወጣትነታቸው አባታቸው በሰጧቸው ክፍል ውስጥ የራሳቸውን የሙከራ ቤት አደራጁ። ቀን ቀን በቢራ ፋብሪካው ሥራ ላይ ተሰማርተው በትርፍ ጊዜያቸው ሽቦና ባትሪ ሲያገጣጥሙ ያመሹ ነበር። የመጀመሪያ ዓላማቸው የተፈጥሮን ሕግ መመርመር ሳይሆን ወጪ መቀነስ ነበር ቢባል ስህተት አይሆንም። በዚያን ጊዜ አዲስ ግኝት የነበረውን የኤሌክትሪክ ሞተር ከፋብሪካው የእንፋሎት ሞተር ጋር አወዳድረው የትኛው በአነስተኛ ወጪ የበለጠ ሥራ እንደሚሠራ ለማወቅ ተነሱ። የመጀመሪያ ጽሑፋቸውም በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1838 ታተመ። ዕድሜያቸው ገና 19 ነበር።

ውጤቱ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሆነ። በወቅቱ የነበረው ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዚንክ የተባለውን ብረት እየበላ ነው። ጁል አስልተው እንደደረሱበት አንድ ፓውንድ የድንጋይ ከሰል በጥሩ የእንፋሎት ሞተር ውስጥ ሲነድ የሚሠራው ሥራ አንድ ፓውንድ ዚንክ በባትሪ ውስጥ ከሚሠራው አምስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ዚንክ ደግሞ ከከሰል እጅግ ይወደዳል። ነጋዴው ጁል በዚህ ጉዳዩን ሊዘጉት በተገባ ነበር። ተመራማሪው ጁል ግን ከሰልንና ዚንክን፣ ሞተርንና ባትሪን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የሚቻል ከሆነ ከሁሉም በስተጀርባ የሚመዘነው ነገር ራሱ ምንድን ነው ወደሚለው ጥያቄ ተሻገሩ።

በዚሁ ፍለጋ ላይ ሳሉ ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጥረውን ሙቀት ለኩ። እ.ኤ.አ. በ1840 የደረሱበት ሕግ ዛሬ የጁል ሕግ ይባላል። በሕጉ መሠረት በአንድ ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከሽቦው የመቋቋም አቅምና ከኤሌክትሪክ ፍሰቱ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል፤ ፍሰቱ በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በየቤቱ ያለው የእንጀራ ምጣድ የሚግለው በዚሁ ሕግ ነው። ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉ መስመሮች ቮልቴጃቸው ከፍ ተደርጎ ፍሰታቸው ዝቅ የሚደረገውም በመንገድ ላይ በሙቀት መልክ የሚባክነውን ለመቀነስ ነው። ጁል ጥናታቸውን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ቢልኩም ማኅበሩ ያተመው አጭር መግለጫውን ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የተነሳው ጥያቄ ግን ከዚህ እጅግ የከበደ ነበር። በዚያን ዘመን የነበሩ አብዛኞቹ ሊቃውንት ሙቀት ካሎሪክ የሚባል ክብደት የሌለው ረቂቅ ፈሳሽ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በዚህ እምነት መሠረት ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ ይፈሳል እንጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም። ካውንት ራምፎርድ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1798 ሙኒክ ውስጥ መድፍ ሲሰረሰር ከሰበቃው ብቻ ማብቂያ የሌለው ሙቀት እንደሚወጣ አስተውለው ይህን እምነት ቢያናጉትም አልጣሉትም። የጎደለው አሐዝ ነበር። ሥራ ወደ ሙቀት የሚለወጥ ከሆነ ስንት ሥራ ስንት ሙቀት ይሆናል? ለዚህ በቂ መልስ እስካልተገኘ ድረስ ነገሩ ከክርክር አያልፍም።

ጁል መልሱን መፈለግ የጀመሩት በኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። ትንሽ የሽቦ ጥቅል በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አድርገው በማግኔት መካከል አሽከረከሩት፤ ከዚያም ለማሽከርከር የፈጀውን ሥራና ውሃው ያገኘውን ሙቀት አነጻጸሩ። ሙቀቱ ከየትም ፈስሶ አልመጣም። የመጣው ከማሽከርከሩ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1843 የብሪታንያ የሳይንስ ዕድገት ማኅበር በአየርላንድ ኮርክ ከተማ ባካሄደው ስብሰባ ላይ ውጤታቸውን አቀረቡ፤ አንድ ፓውንድ ውሃ በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ለማሞቅ 838 ፓውንድ ክብደትን አንድ ጫማ ከፍ የማድረግ ሥራ ያስፈልጋል አሉ። በአዳራሹ የነበሩት ሊቃውንት ምንም አላሉም። ይህ ዝምታ ከተቃውሞ ይልቅ የከበደ ነበር፤ የተቃወመ ሰው ቢያንስ አድምጧልና።

በሚቀጥለው ዓመት ጁል አየር ሲጨመቅ የሚወጣውን ሙቀት ለክተው ጥናታቸውን ለሮያል ሶሳይቲ ላኩ። ማኅበሩ አልቀበልም አለ። የሊቃውንቱ ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ ከንቀት የመነጨ ነበር ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ከተለያዩ ሙከራዎች የተገኙት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይራራቁ ነበር። ከዚህም በላይ የጁል መደምደሚያ በሙሉ የቆመው ከአንድ ዲግሪ በታች በሆኑ የሙቀት ልዩነቶች ላይ ነው። ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት በትክክል ለክቻለሁ የሚልን ዲግሪ የሌለው የማንችስተር ጠማቂ ማመን ለብዙዎች ከባድ ነበር።

ሳይንቲስቶቹ ያላስተዋሉት ጠማቂነቱ ራሱ የችሎታው ምንጭ መሆኑን ነው። ቢራ ጠመቃ ሙቀትን በጥንቃቄ መቆጣጠር የሚጠይቅ ሙያ ነው። ብቅሉ የሚዘፈዘፍበት ውሃ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ሙሉ ጥምቁ ይበላሻል፤ ኪሳራውም በገንዘብ ይቆጠራል። በመሆኑም ጁል ከቴርሞሜትር ጋር ያደጉ ሰው ነበሩ። በዚያ ላይ ጆን ቤንጃሚን ዳንሰር የተባሉ የማንችስተር መሣሪያ ሠሪ በዘመኑ እጅግ ትክክለኛ የነበሩ ቴርሞሜትሮችን ሠሩላቸው። ጁል በእነዚህ ቴርሞሜትሮች የአንድ ዲግሪ ፋራናይት ሁለት መቶኛ ክፍልን ማንበብ ይችሉ ነበር።

በታሪክ የታወቁበት መሣሪያ ለወጥ ቤት የቀረበ ነው። ከመዳብ የተሠራ የውሃ ዕቃ፣ በመካከሉም እንደ ማማሰያ የሚሽከረከሩ የነሐስ መቅዘፊያዎች አሉ። ውሃው አብሮ እንዳይዞር የሚገቱ ክንፎች ከዕቃው ግድግዳ ጋር ተያይዘዋል። መቅዘፊያዎቹን የሚያዞረው ገመድ በመዘውር በኩል አልፎ በግራና በቀኝ በተንጠለጠሉ ሁለት የእርሳስ ክብደቶች ይሳባል። ክብደቶቹ ሲወርዱ መቅዘፊያው ይዞራል፣ ውሃው ይማሰላል፣ ከዚያም በጥቂቱ ይሞቃል። ስንት ክብደት ስንት ከፍታ እንደወረደ ይታወቃል። ውሃው ስንት እንደሞቀ ደግሞ ቴርሞሜትሩ ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ1849 በተጠናቀቀው ዋናው ሙከራ እያንዳንዳቸው ከ13 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጡ ሁለት ክብደቶች 1 ነጥብ 6 ሜትር ያህል ይወርዱ ነበር። ጁል መልሰው እየጠቀለሉ 20 ጊዜ ያወርዷቸዋል። በዕቃው ውስጥ 6 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ ነበር። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ውሃው የሚያገኘው ጭማሪ ከአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሶ አይሞላም። ስሌቱን ዛሬ ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊያረጋግጠው ይችላል። የክብደቶቹ ድምር በስበት መጠንና በ32 ሜትር ጠቅላላ ውርደት ሲባዛ ወደ 8 ሺህ 250 ጁል ይመጣል። ውሃውና ዕቃው የወሰዱት ሙቀትም ሲሰላ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። የሙከራ ባለሙያውን ሰውነት የሚለቀው ሙቀት እንኳ ውጤቱን እንዳያዛባ ጁል ከመሣሪያው ፊት የእንጨት ጋሻ አቁመው ነበር። ሙከራውን ደጋግመው በውሃ ብቻ ሳይሆን በሜርኩሪና እርስ በርሱ በሚፋተግ ብረትም ሠሩት። ቁጥሩ 772 ላይ ረጋ። ነገሩን ያጸናውም አንድ ጊዜ የተገኘ ቁጥር ሳይሆን በተለያየ መንገድ ተኪዶ አንድ ቦታ መደረሱ ነው።

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. 1847 ለጁል የማይረሳ ዓመት ሆኖ ነበር። በሚያዝያ ወር በማንችስተር ቅድስት አን ቤተ ክርስቲያን የንባብ ክፍል ውስጥ ሐሳባቸውን ጠቅለል አድርገው ለሕዝብ አስረዱ፤ ሙሉ ቃሉንም ያተመው የአካባቢው ጋዜጣ እንጂ የሳይንስ መጽሔት አልነበረም። በሰኔ ወር በኦክስፎርድ በተካሄደው የሳይንስ ዕድገት ማኅበር ስብሰባ ላይ ደግሞ ሰብሳቢው ጽሑፋቸውን ከማንበብ ይልቅ በአጭሩ እንዲያስረዱ ጠየቋቸው። ነገሩ እንደ ኮርኩ ሁሉ በዝምታ ሊያልፍ ተቃርቦ ነበር። በአዳራሹ የ22 ዓመቱ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዊልያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት፣ መገኘታቸው ግን የጁልን ዕጣ ለወጠው። ቶምሰን ወዲያው አላመኑም። ያመኑበት ሌላ ንድፈ ሐሳብ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ቢሆንም ከቁም ነገር ቆጥረው ጠየቁ፣ ተከራከሩም።

በነሐሴ ወር ጁል አሚሊያ ግራይምስን አገቡ። ከሠርጉ በኋላ ጥንዶቹ ወደ አልፕስ ተራሮች ተጓዙ። ቶምሰንም በእግር ሲጓዙ በሻሞኒ አቅራቢያ በአጋጣሚ አገኟቸው። ቶምሰን ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተረኩት ሙሽራው በእጃቸው ረጅም ቴርሞሜትር ይዘው ነበር፤ የፏፏቴን ውሃ ከላይና ከታች ለክተው ልዩነቱን ለማየት ፈልገው ነው። ከፍታ የሚወርድ ውሃ ከታች ሲደርስ ሥራው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ በትንሹ መሞቅ አለበት። ሁለቱ ሰዎች በሳላንሽ ፏፏቴ ሊሞክሩት ቢያስቡም ውሃው ወደ ብናኝ እየተለወጠ ስለሚበተን አልሆነላቸውም።

ሒሳቡ ግን ትክክል ነው። ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ 427 ሜትር ያህል መውረድ ይኖርበታል። ከዘቢዳር አናት እስከ ቡታጅራ ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ነው ቢባል ከተራራው ጫፍ የተነሳ ውሃ በመንገዱ ሙቀት ሳያገኝና ሳያጣ ከተማዋ ቢደርስ የሚሞቀው በሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው። በተግባር ፀሐይና ንፋስ ይህን ልዩነት ይሸፍኑታል። ሊቃውንት ለብዙ ዘመናት ሳያስተውሉት የኖሩበት ምክንያትም ይኸው ነው። ብዙ ሥራ ጥቂት ሙቀት ይሆናል፤ ጥቂት ሙቀት ደግሞ በቀላሉ አይታይም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጁል ብቻቸውን አልነበሩም። ጀርመናዊው ሐኪም ዩልየስ ሮበርት ማየር በመርከብ ሐኪምነት ወደ ጃቫ ደሴት ሄደው በሞቃት አገር የሰው ደም ቀለም ደማቅ ቀይ መሆኑን ካዩ በኋላ ሰውነት ምግብን ወደ ሙቀትና ወደ ሥራ የሚለውጥበትን ምጣኔ ማሰላሰል ጀመሩ። የራሳቸውን የምንዛሪ ቁጥርም እ.ኤ.አ. በ1842፣ ከጁል አንድ ዓመት ቀድመው አሳተሙ። ማን ቀደመ በሚል የተነሳው ክርክር በእንግሊዝና በጀርመን ሊቃውንት መካከል ለዓመታት ዘልቆ ማየርን በእጅጉ ጎድቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1850 ራሳቸውን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደርሰዋል። ሐሳቡን ማየር ቀድመው እንደጻፉት መካድ አይቻልም። በእጃቸው ለክተው፣ ደጋግመው ለክተው ማንም ሊጠራጠረው ወደማይችል ቁጥር ያደረሱት ግን ጁል ናቸው። ሮያል ሶሳይቲም ከፍተኛውን የኮፕሊ ሜዳልያ ለጁል እ.ኤ.አ. በ1870፣ ለማየር በ1871 መስጠቱ ሁለቱም ባለድርሻ መሆናቸውን እንደመመስከር ይቆጠራል።

የ1849ኙን ጥናት በሮያል ሶሳይቲ ፊት ያቀረቡላቸው ዝነኛው ማይክል ፋራዳይ ነበሩ። ቀድሞ ጽሑፋቸውን የመለሰው ማኅበር በ1850 ጁልን አባል አድርጎ መረጣቸው። በቤታቸው ግን ኀዘን ገባ። እ.ኤ.አ. በ1854 ባለቤታቸው አሚሊያና አዲስ የተወለደው ሕፃን ልጃቸው ሞቱ። ጁል ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር ቀሩ፤ ዳግመኛም አላገቡም። የቤተሰቡ ቢራ ፋብሪካም በዚሁ ሰሞን ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ይበልጥ ዝምተኛ መሆናቸው ይነገራል።

ሥራቸውን ግን አላቋረጡም። ከቶምሰን ጋር በጋራ ባደረጉት ምርምር የታመቀ ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ ወጥቶ ሲሰፋ እንደሚቀዘቅዝ አሳዩ። ይህ በሁለቱ ስም የሚጠራው ክስተት ኋላ አየርን እስኪፈስ ድረስ አቀዝቅዞ ኦክስጂንን ለመለየት ያስቻለ መሠረት ሆኗል።

ስማቸው መለኪያ እንዲሆን ሐሳቡን ያቀረቡት ኢንጂነር ዊልያም ሲመንስ ሲሆኑ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1882 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 ፓሪስ ውስጥ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ መለኪያውን ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ የዓለም የሚዛንና የመለኪያ ጉባኤ ጁል ለሙቀትም መለኪያ እንዲሆንና ካሎሪን መጠቀም በተቻለ መጠን እንዲቀር ወሰነ። ካሎሪ ከምግብ እሽጎች ላይ እስከ ዛሬ አልጠፋም። አንድ ጁል ማለት በአማካይ አንድ ሎሚ የሚያህልን 100 ግራም ክብደት አንድ ሜትር ያህል ከፍ የሚያደርግ ሥራ ነው። እጅግ ጥቂት ስለሆነ በተግባር በሺህና በሚሊዮን ይቆጠራል።

በዚሁ መለኪያ መጀመሪያ የተጠቀሱትን የቡታጅራ ቤተሰብ ወጪዎች መመንዘር ይቻላል። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 3 ነጥብ 6 ሚሊዮን ጁል ነው። አንድ ኪሎ ካሎሪ 4 ሺህ 184 ጁል ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ወይም 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኢነርጂ ይይዛል። አንድ ኪሎ ግራም ጥሩ ከሰል ደግሞ ወደ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። 3 ሺህ 5 መቶ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት 12 ነጥብ 6 ሚሊዮን ጁል ይወስዳል። የአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ ሲታቀድ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን የሚያዘው 2 ሺህ 100 ኪሎ ካሎሪ ሲመነዘር 2 ነጥብ 44 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም ምጣዱ በ42 ደቂቃ የሚወስደው መጠን ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሕይወት የሚታደገው የ500 ኪሎ ካሎሪ እሽግም በዚሁ ስሌት የ10 ደቂቃ የምጣድ ኤሌክትሪክ ነው።

እርግጥ ምንዛሪው ያለውን መጠን እንጂ ጥቅም ላይ የሚውለውን አይናገርም። በሦስት ጉልቻ ላይ በሚነድ ማገዶ ከሚገኘው 10 ጁል ውስጥ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ከአንድ ብዙም አይበልጥም፤ የተቀረው ጢስና ነፋስ ይወስደዋል። አነስተኛ የናፍጣ ጄኔሬተርም ከሊትሩ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ውስጥ በኤሌክትሪክ መልክ የሚመልሰው በአብዛኛው ከሲሶ አይበልጥም። በዕቅድ ላይ የማገዶንና የኤሌክትሪክን ዋጋ የሚያወዳድር ባለሙያ ይህን ካልቀነሰ ሒሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል፣ በተግባር ግን ስህተት ይሆናል።

በሪፖርቶች ላይ ከሚታዩት ስህተቶች መካከል በዚህ ረገድ የተለመደው ሜጋ ዋትና ሜጋ ዋት ሰዓትን ማምታታት ነው። ለዚህም የአማርኛው አነጋገር የራሱ ድርሻ አለው፤ ኃይል የሚለውን ቃል ለጡንቻም፣ ለኤሌክትሪክም፣ ለጸጥታ አካልም ስለምንጠቀምበት ሦስት የተለያዩ የፊዚክስ መጠኖች በአንድ ስም ይጠራሉ። ዋት ፍጥነትን ይናገራል፤ በአንድ ሰከንድ አንድ ጁል ማለት ነው። ዋት ሰዓት ግን መጠንን ይናገራል። በጅማ ዞን በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ግቤ አንድ ማመንጫ የመትከል አቅሙ 184 ሜጋ ዋት ነው ሲባል ስንት ኢነርጂ እንደሰጠ አልተነገረም። በሙሉ አቅሙ 24 ሰዓት ቢሠራ የሚሰጠው 4 ሺህ 416 ሜጋ ዋት ሰዓት፣ በጁል ሲመነዘር 15 ነጥብ 9 ትሪሊዮን ይሆናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የሚለው አሐዝም በዚሁ መንገድ የሚነበብ ነው።

ግድቦቹ ራሳቸው የጁል መሣሪያ ታላላቅ ወንድሞች ናቸው። በማንችስተር የወረደው እርሳስ መቅዘፊያ እንዳዞረ ሁሉ በግድብ የሚወርደው ውሃ ተርባይን ያዞራል። አንድ ኩብ ሜትር ውሃ 100 ሜትር ሲወርድ 981 ሺህ ጁል ወይም 0 ነጥብ 27 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። በመሆኑም ለአንድ ሰዓት የምጣድ አገልግሎት ብክነት ሳይታሰብ 13 ኩብ ሜትር ያህል ውሃ ከዚያ ከፍታ መውረድ አለበት። ከዚያም ኤሌክትሪኩ በምጣዱ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ በ1840 በተገኘው ሕግ መሠረት ተመልሶ ሙቀት ይሆናል።

ጁል ከአባታቸው የወረሱትን ሀብት አብዛኛውን ለምርምር መሣሪያ ስላዋሉት በስተእርጅና ገንዘባቸው ተመናመነ። ይህን የተረዳው የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1878 በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ ቆረጠላቸው። በዚያው ዓመት የ59 ዓመቱ አዛውንት ከሦስት አሥርት ዓመታት በፊት ወደተዉት ሙከራ ተመልሰው ውሃውን እንደገና አማሰሉ፤ 772 ነጥብ 55 አገኙ። ከ1849ኙ ውጤት ጋር ያለው ልዩነት ከሺህ አንድ አይሞላም።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 1889፣ የፓሪሱ ጉባኤ ስማቸውን መለኪያ አድርጎ ከተቀበለ ከሳምንታት በኋላ ሴል በተባለችው ከተማ በሚገኘው ቤታቸው በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያው ከተማ በሚገኘው መቃብራቸው ላይ በቆመው ድንጋይ ከስማቸው ጋር 772.55 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ዛሬ ተቀባይነት ያለው ልክ 778 ገደማ ነው። ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላው ይህ ጉድለት ኋላ በመጡ ሰዎች ቢስተካከልም በድንጋዩ ላይ የተጻፈው ግን የቀረው ጠማቂው በእጃቸው የለኩት ነው።